«የተበላ ዕቁብ»፦ ክሪኬት እንዴት ይሸጣል?

ለንደን፣ ሎርድስ ስታዲየም፣ ኦገስት 26 ቀን 2010። መሐመድ አሚር ገና 18 ዓመቱ ነው። ለፓኪስታን ብሔራዊ ቡድን ኳስ ይወረውራል። ተንደርድሮ መጣና ወረወረ። የፊት እግሩ ግን የተሰመረውን መስመር አልፎ አረፈ። ዳኛው ክንዱን ዘርግቶ «ኖቦል» አለ። ለእንግሊዝ አንድ ነጥብ ተጨመረላት። ክሪኬት ውስጥ ይሄ ተራ ስህተት ነው። በእግር ኳስ የእጅ ውርወራ አበላሸ እንደማለት ነው። ማንም ልብ አይለውም።

አንድ ጋዜጠኛ ግን ዓይኑን ተክሎ እየጠበቃት ነበር። የሦስተኛው ኦቨር (የስድስት ውርወራ ተራ) የመጀመሪያዋ ኳስ ኖቦል እንደምትሆን ቀድሞ ያውቃል። የከፈለው እሱ ነዋ!

ክሪኬት ለብዙዎቻችን ሩቅ ነገር ነው። ዱባይ፣ ሻርጃ ወይም ዶሃ የሠራ ሰው ግን ያውቀዋል፤ ህንዶቹና ፓኪስታኖቹ በዕረፍት ቀናቸው ባዶ ሜዳና ፓርኪንግ ላይ ሲጫወቱት አይቷል። ይህ ስፖርት በየጊዜው «ተጫዋች ታገደ፣ ቡኪ (ውርርድ ተቀባይ) ተያዘ» በሚል ዜና ይታመሳል። ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ነገር፣ ጨዋታው ምንድን ነው?

11 ለ11 ነው። አንዱ ቡድን ይወረውራል፣ ሌላው ይመታል። መቺው ኳሷን መትቶ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በሮጠ ቁጥር ነጥብ ያገኛል። ኳሷ መሬት ነክታ ከሜዳው ድንበር ከወጣች 4፣ መሬት ሳትነካ ከወጣች 6 ነጥብ ነው። ከመቺው ጀርባ የተተከሉት ሦስት እንጨቶች ከተመቱ፣ ወይም የመታት ኳስ አየር ላይ እያለች ከተቀለበች፣ መቺው ይወጣል። ሌላም ደንብ ሞልቷል። ለእኛ ጉዳይ ግን ይሄ ይበቃናል።

አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ። ስድስት ውርወራ አንድ «ኦቨር» ይባላል። ቲ ትዌንቲ በሚባለው አጭሩ ጨዋታ እያንዳንዱ ቡድን 20 ኦቨር፣ ማለትም 120 ኳስ ይደርሰዋል። ቴስት የሚባለው ረጅሙ ደግሞ እስከ 5 ቀን ይሄዳል።

እግር ኳስ እንደ ወንዝ ነው፤ ይፈሳል፣ የት ጀምሮ የት እንዳለቀ መለየት ይከብዳል። ክሪኬት መቁጠሪያ ነው። እያንዳንዷ ኳስ ለብቻዋ ትመጣለች፣ ለብቻዋ ትቆጠራለች፣ ለብቻዋም ትመዘገባለች። ስለዚህ በእያንዳንዷ መወራረድ ይቻላል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

ጨዋታ መልቀቅ ማለት ነው?

አንዳንዴ አዎ። እኛ «ጨዋታ ለቀቁ» የምንለው በዓለም ላይ «ማች ፊክሲንግ» ይባላል። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ያለቀለት፣ የተበላ ዕቁብ ነው። ይሄ ግን ከባድ ሥራ ነው። 11 ሰው ባለበት ቡድን ብዙ ሰው መግዛት ይጠይቃል። ብዙ ሰው ካወቀ ደግሞ አንዱ ያወራል።

በክሪኬት ጎልቶ የወጣው ሌላው ዓይነት ነው፤ «ስፖት ፊክሲንግ» ይሉታል። ከጨዋታው አንዲት ቅንጣት ብቻ መሸጥ ማለት ነው። ይህች ኳስ ኖቦል ትሁን፣ በዚህ ኦቨር ብዙ ነጥብ ይቆጠር፣ ይህ መቺ ከ20 ሳያልፍ ይውጣ። ለዚህ የቡድን ትብብር አያስፈልግም። ወርዋሪው ብቻውን ነው፤ እግሩ የራሱ ነው። ከጎኑ የቆመው ጓደኛው እንኳ አያውቅም።

ተጫዋቹም ለራሱ ማሳመኛ አያጣም። «ሀገሬን አልሸጥኩም፣ የሄደችው አንዲት ነጥብ ናት» ይላል። እውነት ነው፤ ሎርድስ ላይ የተሸጡት ሦስት ኖቦሎች በድምሩ ሦስት ነጥብ ናቸው። ፓኪስታን ደግሞ በአንድ ሙሉ ዙር (አንድ ቡድን የሚመታበት ተራ) እና በ225 ነጥብ ልዩነት ነው የተዘረረችው። ኖቦሎቹ ቢኖሩም ባይኖሩም መሸነፏ አይቀርም ነበር።

ታዲያ ለአንዲት ኖቦል ማን ይከፍላል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኖቦሎቹ ዕቃው አልነበሩም፤ ናሙና ነበሩ።

እህል ነጋዴ ጆንያውን ወግቶ አንድ እፍኝ ያሳያችኋል። ማዝሃር ማጂድ የተባለው የተጫዋቾች ወኪልም ያደረገው ይህንኑ ነው። የቁማር ቡድን ተወካይ መስሎ ለቀረበው የኒውስ ኦፍ ዘ ወርልድ ጋዜጠኛ «ልጆቹ በእጄ ናቸው፤ ካላመንክ ነገ እይ» አለው በአጭሩ። አሚር በሦስተኛው ኦቨር መጀመሪያ፣ መሐመድ አሲፍ በአሥረኛው ኦቨር መጨረሻ መስመር ያልፋሉ አለ። አለፉ። ለዚህ የተቆጠረለት 150,000 ፓውንድ ጥሬ ገንዘብ ነው፤ ቆጠራውም በድብቅ ካሜራ ተቀርጿል። ናሙናው ካሳመነ በኋላ ዋናው ንግድ ይቀጥል ነበር።

ዋናውን ንግድ ለማየት ወደ ህንድ እንሂድ። ክሪኬት እዚያ ከስፖርትም በላይ ነው። በክሪኬት መወራረድ ግን ሕገ ወጥ ነው፤ መሠረቱ እንግሊዞች በ1867 ያወጡት የቁማር ሕግ ነው። ክልከላው ቁማሩን አላጠፋውም። ወደ ስልክና ወደ ማስታወሻ ደብተር አስገባው እንጂ። ቡኪው በቃል ይቀበላል፣ በቅጽል ስም ይመዘግባል፣ ሒሳቡን በእጅ ይዘጋል። እኛ ሰፈር ቤቲንግ ቤት ገብቶ የሚቆርጥ ልጅ ቢያንስ ቲኬት ይዞ ይወጣል። እዚያ ቲኬት የለም። ሕጋዊ አቋማሪ ድርጅት በአንድ ጨዋታ ላይ ያልተለመደ ገንዘብ ሲጎርፍ ያይና ያሳውቃል። በደብተርና በስልክ የሚሄደውን ማን ያያል?

እዚያ ከሚዘወተሩት ውርርዶች አንዱ «ሴሽን» ነው። ለምሳሌ ቡኪው «በመጀመሪያዎቹ 10 ኦቨሮች 80 ነጥብ ይቆጠራል» ብሎ ቁጥር ይሰቅላል። ገሚሱ ሰው «ከዚያ ይበልጣል»፣ ገሚሱ «አይደርስም» ብሎ ያስይዛል። አሁን አንዱ ወርዋሪ በስምንተኛው ኦቨር ላይ ለስላሳ ለስላሳ ኳስ እየሰጠ 14 ነጥብ እንደሚያስቆጥር ቡኪው አስቀድሞ ያውቃል እንበል። ሌላው ይገምታል፤ እሱ ያውቃል። ቁጥሩን እንደፈለገ ያወጣዋል፣ ያወርደዋል። ትርፉ ከዚህ ነው። ለተጫዋቹ የሚደርሰው ከዚያ ትርፍ ላይ የተቆረሰ ነው።

ተጫዋች እንዴት ይጠመዳል?

ማንም መጥቶ «ጨዋታ ሽጥልኝ» አይልም። የሚጀምረው በወዳጅነት ነው።

በ1994 ኮሎምቦ ላይ አውስትራሊያዊው ሼን ዋርን ካዚኖ ውስጥ ገንዘብ ተበላ። ራሱን «ጆን» ብሎ ያስተዋወቀ ህንዳዊ 5,000 ዶላር በፖስታ ሰጠው። የቡድን ጓደኛው ማርክ ዋውም ከዚሁ ሰው ተቀብሏል። በምላሹ የተጠየቁት ስለ አየሩና ስለ ሜዳው እንዲነግሩት ብቻ ነው። ዝናብ አለ ወይ? መሬቱ ደርቋል ወይ? ማን ይሄን ወንጀል ይለዋል! የአውስትራሊያ ክሪኬት ቦርድ በ1995 ቀጣቸው፤ ግን ጉዳዩን ደብቆ ያዘ። ሕዝብ የሰማው በ1998 መጨረሻ ነው።

የሃንሲ ክሮንዬ ታሪክ ግን ከሁሉም ይብሳል። የደቡብ አፍሪካ አምበል ነበር። ከአፓርታይድ በኋላ ሀገሪቱ ወደ ዓለም ስትመለስ ፊቷ እሱ ነው ማለት ይቻላል። ምስጉን፣ ጸሎተኛ፣ ሥነ ሥርዓት ወዳድ።

በጃንዋሪ 2000 በሴንቹሪየን ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው ቴስት በዝናብ ሦስት ሙሉ ቀን ባከነ። ጨዋታው እኩል ሊያልቅ ነው። ክሮንዬ ታዲያ ለእንግሊዙ አምበል ያልተለመደ ሐሳብ አቀረበ፤ ሁለታችንም አንድ አንድ ዙር እንተውና የመጨረሻውን ቀን እናድምቀው አለ። ተመልካቹ አጨበጨበ። እንግሊዝ አሸነፈች። በኋላ እንደታወቀው ጨዋታው እኩል እንዳያልቅ የሚፈልግ አንድ ቁማርተኛ ደውሎለት ነበር። ዋጋው 53,000 ራንድና ለሚስቱ የሚሆን የቆዳ ጃኬት። የሰው ልጅ የሚሸጥበት ዋጋ አንዳንዴ ያስቃል፣ ያሳዝናልም።

በዚያው ዓመት ማርች ላይ ናግፑር፣ ህንድ ውስጥ፣ ክሮንዬ ሁለት ተጫዋቾቹን አነጋገረ። ለኸርሸል ጊብስ ከ20 ነጥብ በታች እንዲወጣ፣ ለሄንሪ ዊሊያምስ ደግሞ በ10 ኦቨር ውስጥ ከ50 ነጥብ በላይ እንዲቆጠርበት 15,000 ዶላር ለእያንዳንዳቸው እንደሚሰጣቸው ነገራቸው። ሁለቱም ነጭ ያልሆኑ ልጆች ናቸው። አምበልህ እንዲህ ሲልህ ማንን ትከስሳለህ? እሺ አሉ። ከዚያ የሆነው ነገር ግን ለቀልድ የተጻፈ ይመስላል። ጊብስ ሜዳ ሲገባ ሞቅ አለውና 74 ነጥብ መታ። ዊሊያምስ ሁለት ኦቨር እንኳ ሳይጨርስ ትከሻው ተጎዳ። ቡድኑ ከ270 እንዳያልፍ የታሰበው 320 አስቆጠረ። እቅዱ ሁሉ ፈረሰ። ሁለቱ ልጆች ግን እሺ በማለታቸው ስድስት ስድስት ወር ታገዱ።

የዴልሂ ፖሊስ በኤፕሪል 7 የክሮንዬንና የአንድ ቡኪን የስልክ ንግግር እንደጠለፈ ይፋ አደረገ። ደቡብ አፍሪካ በቁጣ ነደደች፤ «ስም ማጥፋት ነው» ተባለ። ክሮንዬም ካደ። በአራተኛው ቀን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ለሀገሩ የክሪኬት ኃላፊ ለአሊ ባከር ደውሎ «ሙሉ በሙሉ ሐቀኛ አልነበርኩም» አለ። በኋላም ሰይጣን እንዳሸነፈው ተናገረ። ይህችን እኛም ሀገር እናውቃታለን። ለዕድሜ ልክ ታገደ። በ2002 በአውሮፕላን አደጋ ሲሞት 32 ዓመቱ ነበር።

ወጥመዱ ዛሬ መልኩን ቀይሯል። የዚምባብዌው ብሬንደን ቴይለር በ2019 ስለ ስፖንሰርነት እንነጋገር ተብሎ ህንድ ተጋበዘ። በወቅቱ ከቡድኑ ለወራት ደመወዝ እንዳላገኘ ራሱ ተናግሯል። የመጨረሻው ምሽት ላይ እራት፣ መጠጥ፣ ከዚያም ኮኬይን። በነጋታው ሰዎቹ ክፍሉ መጥተው የተቀረጸውን ቪዲዮ አሳዩት። ጨዋታ ካልሸጥክልን እንበትነዋለን አሉት። 15,000 ዶላር ቀብድ ተቀብሎ ወጣ። አልሸጥኩም ይላል፤ ነገር ግን ለአይሲሲ፣ ለዓለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤት፣ ያሳወቀው ከወራት በኋላ ነው። በ2022 ለሦስት ዓመት ተኩል ታገደ። የቀድሞ አሠልጣኙ ሂት ስትሪክም ከአንድ ዓመት በፊት 8 ዓመት ተቀጥቶ ነበር፤ የቡድን መረጃ በማቀበል። የተከፈለው በቢትኮይን ነው፤ ለሚስቱ ደግሞ አይፎን። ከቆዳ ጃኬት ወደ አይፎን አደገ ማለት ነው።

ገንዘብ ያልወሰደ ይቀጣል?

ይቀጣል። ብዙ አንባቢ የሚገረመው በዚህ ነው። በክሪኬት ደንብ ቡኪ ካነጋገረህ ሳትዘገይ ማሳወቅ ግዴታህ ነው። ዝም ማለት ራሱን የቻለ ጥፋት ነው።

የባንግላዴሹ ሻኪብ አል ሐሰን በዓለም ምርጥ ከሚባሉት አንዱ ነበር። አንድ ቡኪ በዋትስአፕ የቡድን መረጃ ደጋግሞ ጠየቀው። ሻኪብ ሳንቲም አልወሰደም። ጨዋታም አልሸጠም። ብቻ አልተናገረም። በኦክቶበር 2019 የሁለት ዓመት እገዳ ተጣለበት፤ አንዱ ዓመት በገደብ ነው። ከባድ ይመስላል። ግን ቡኪው ዛሬ ያልተሳካለትን ነገ ከሌላው፣ ከደካማው ጋር ይሞክራል። የሻኪብ ዝምታ ለዚያ ሰው ጊዜ ገዛለት።

የተከሰሰ ሁሉ ጥፋተኛ ነው?

አይደለም። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ሁለት ሚዛን አለ። የስፖርት ማኅበሩ ሚዛን ቀለል ይላል፤ ማስረጃው በደንብ ካሳመነው ያግዳል። የወንጀል ፍርድ ቤት ጥርጣሬ እንዳይቀር ይፈልጋል። አንዱ ሰው በአንዱ ወድቆ በሌላው ሊያልፍ ይችላል።

የህንዱ አምበል መሐመድ አዝሃሩዲን በ2000 ለዕድሜ ልክ ታገደ፤ በ2012 ፍርድ ቤት እገዳውን ሻረው። ወርዋሪው ኤስ ስሪሳንት በ2013 የህንድ ፕሪሚየር ሊግ ላይ ከሁለት የቡድን ጓደኞቹ ጋር ታሰረ። ፖሊስ እንዳለው ምልክቱ ወገቡ ላይ የሻጠው ፎጣ ነበር። እሱ ግን ክዷል። የዴልሂ ፍርድ ቤት በ2015 ክሱን ዘጋው። የህንድ ክሪኬት ቦርድ የጣለበት የዕድሜ ልክ እገዳ ግን ቀጠለ፤ የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ገብቶበት የዕድሜ ልኩ ወደ 7 ዓመት ወረደ። ሕጉም ክፍተት አለው፤ ህንድ ጨዋታ መሸጥን ለይቶ የሚቀጣ ሕግ ሳይኖራት ነው ይህን ሁሉ የተከራከረችው። ስሪላንካ በ2019 እስከ 10 ዓመት የሚያሳስር ሕግ አወጣች።

የሎርድሱ ጉዳይ ግን በለንደን ፍርድ ቤት አልቋል። በኖቬምበር 2011 ወኪሉ ማጂድ 2 ዓመት ከ8 ወር፣ አምበሉ ሳልማን ቡት 30 ወር፣ አሲፍ 1 ዓመት፣ አሚር 6 ወር ተፈረደባቸው። አሚር ጥፋቱን አምኗል። ከእስሩ ሌላ ለ5 ዓመት ታግዶ በ2016 ወደ ቴስት ጨዋታ ተመለሰ፤ ያውም እዚያው ሎርድስ። ፓኪስታን አሸነፈች፣ የመጨረሻውን እንግሊዛዊ መቺ ያስወጣውም አሚር ነው። የሚገርመው፣ ያጋለጣቸው ጋዜጣ በ2011 በስልክ ጠለፋ ቅሌት ተዘጋ። ድብቅ ጋዜጠኛውም በሌላ ጉዳይ ማስረጃ በማበላሸት በ2016 ታስሯል።

ዱባይና ሻርጃስ ምን አገናኛቸው?

ብዙ ነገር። በ1980ዎቹና 90ዎቹ በረሃ ላይ የተሠራው የሻርጃ ስታዲየም የህንድና የፓኪስታን ፍልሚያ መድረክ ነበር። በዚያው ልክ የሐሜት መናኸሪያም ሆነ። የህንድ መንግሥት በ2001 ቡድኑ እዚያ እንዳይጫወት አገደ። አይሲሲ ራሱ ከ2005 ጀምሮ ዱባይ ነው ቢሮው። በክሮንዬ ቅሌት ማግስት በ2000 ያቋቋመው የፀረ ሙስና ክፍል ዛሬ ተጫዋቾች ልብስ መቀየሪያ ሲገቡ ስልካቸውን ይረከባል። በ2021 ደግሞ አራት የኤምሬትስ ብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች 8 ዓመት ታገዱ።

ጨዋታው ራሱ ባይኖርስ?

ተጫዋች መግዛት ውድ ነው፣ አደጋም አለው። በ2022 ጉጃራት ውስጥ፣ ሞሊፑር በምትባል መንደር፣ አንዳንድ ሰዎች ይህን ጣጣ ሙሉ በሙሉ ዘለሉት።

እርሻ ተከራዩ። መብራት ተከሉ፣ አምስት ካሜራ ገጠሙ። ሃያ አንድ የቀን ሠራተኞችና ሥራ ፈት ወጣቶች ሰብስበው በጨዋታ 400 ሩፒ እየከፈሉ የእውነተኞቹን ክለቦች ማሊያ አለበሷቸው። የተመልካች ጩኸት ከኢንተርኔት አወረዱ። የታዋቂ ኮሜንታተር ድምፅ የሚያስመስል ሰውም አመጡ። ከዚያ በዩቲዩብ በቀጥታ አስተላለፉት። ቁማርተኞቹ ሩሲያ ውስጥ ያሉ ናቸው፤ ውርርዱ በቴሌግራም ይገባል። አዘጋጁ ውርርዱን አይቶ ለዳኛው በመገናኛ ሬዲዮ «ስድስት ይመታ» ይለዋል። ዳኛው ለወርዋሪው ይነግረዋል፣ ወርዋሪው ቀስ አድርጎ ይወረውራል፣ መቺው ይመታል።

ፖሊስ ሲደርስባቸው ውድድሩ ሩብ ፍጻሜ ደርሶ ነበር።